ፈቃድ ሳለ እጅና እግር ሲዘገዩ

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት አስተዳደር፥ ስለ ልጆች ትምህርትና ስለ ሰውነት ጤና የምናውቀውን ያህል ስናካፍላችሁ ቆይተናል። ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ሌላውን ለመምከር ነው። የዛሬው ግን ከዚህ ይለያል፤ አስቀድመን ራሳችንን የምንወቅስበት ነገር ስላለ ከእርሱ እንጀምራለን።

በምንኖርበት በዲላ ከተማ፥ በዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት ያህል የሚበልጡን፥ ለብዙ ዘመን በአንድ ትምህርት ቤት አብረውን ያስተማሩ አንድ መምህር አሉ። ስማቸውን አንጠራም፤ ታሪካቸውን እንድንጽፍ ግን ፈቅደውልናል። እኒህ ሰው በእጅ ጽሕፈታቸው የታወቁ ነበሩ። በልጅነታቸው ከአንድ መሪጌታ እግር ሥር ተቀምጠው ቁም ጽሕፈት ስለ ተማሩ፥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጽፉት ፊደል እንደ ብራና ጽሑፍ የተስተካከለ ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላም የእድራችን መዝገብ ጸሐፊ እሳቸው ነበሩ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ መዝገብ ላይ አንድ ነገር አየን። መስመሩ ሲጀምር ፊደሉ ደኅና ነው፤ ወደ ቀኝ እየሄደ ሲመጣ ግን እያነሰ፥ እየተጨማደደ ይሄድና በመጨረሻው የጤፍ ፍሬ ያህላል። አባላቱ የከፈሉትን ገንዘብ ከመዝገቡ ማንበብ አቅቷቸው አጉረመረሙ። ደግሞም የሰውየው ፊት እንደ ቀድሞው አይፈታም፤ ሰላምታ ስንሰጣቸው ፈገግ አይሉም፤ ድምፃቸውም ወደ ውስጥ ገባ። ሲራመዱ ቀኝ እጃቸው አይወዛወዝም፤ እግራቸውንም እየጎተቱ በአጭር በአጭር ይረግጣሉ። አንዱ «ወደ መጠጥ አዘንብለዋል» ብሎ አማቸው፤ ሌላው «ኮርተዋል» አለ። እኛም ከሐሜተኞቹ የተሻልን አልነበርንም። በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥተን መዝገቡ ወደ ሌላ ሰው እንዲዛወር አሳብ ያቀረብን እኛ ነን። መዝገቡን ባስረከቡን ዕለት ቀኝ እጃቸው በጭናቸው ላይ እንዳረፈ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኛ ግን ቁጣ መሰለን።

ዓመት ሳይሞላ ሴት ልጃቸው ወደ አዲስ አበባ ወስዳ ለነርቭ ሐኪም አሳየቻቸው። ሕመሙም ፓርኪንሰን የሚባለው መሆኑ ተነገራቸው። ይህን በሰማን ጊዜ አፍረን ወደ ቤታቸው ሄድንና «ጋሼ፥ በደልንዎ፤ ይቅር ይበሉን» አልናቸው። እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፥ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ወንድሜ፥ ልቤ አሁንም ይጽፋል፤ እጄ ግን ዘግይቶ ይሰማል» አሉን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ቃል ከአእምሯችን አልጠፋም። ፈቃድ ሳለ፥ ጉልበትም ሳለ፥ እጅ ለምን ይዘገያል? ይህን ለማወቅ ስለ ሕመሙ የተጻፈውን ማንበብ ጀመርን፤ ያገኘነውንም እነሆ ለእናንተ እናቀርባለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕመሙ ስሙን ያገኘው ጄምስ ፓርኪንሰን ከሚባል የለንደን ሐኪም ነው። ይህ ሰው በ1817 «የሚያንቀጠቅጥ ሽባነት» ስለሚለው ሕመም አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። የጻፈውም ስለ ስድስት ሰዎች ነበር፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹን ያያቸው በመንገድ ላይ ሲሄዱ ብቻ ነው። እኛ በየቀኑ በቅርብ እያየን ያላስተዋልነውን፥ እርሱ በመንገድ አላፊው አረማመድ አስተዋለው። ከብዙ ዓመት በኋላ የፓሪሱ ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ ሕመሙ በፓርኪንሰን ስም እንዲጠራ አደረገ፤ ደግሞም ዘገምተኝነቱ ከጉልበት ማጣት የተለየ መሆኑን አስረዳ። ይህም የወዳጃችን ቃል ነው፤ ጉልበቱ አለ፥ የሚዘገየው መጀመሩ ነው።

ሐኪሞች የሚፈልጉት ዋና ዋና ምልክት አራት ነው። አንደኛ፥ እጅ ወይም እግር ሥራ ሳይዝ ባረፈበት ጊዜ መንቀጥቀጥ፤ ሁለተኛ፥ የሰውነት መገተር፤ ሦስተኛ፥ የእንቅስቃሴ መዘግየትና ማነስ፤ አራተኛ፥ ሕመሙ ሲቆይ የሚመጣ ሚዛን ማጣትና መውደቅ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ዋነኛው ዘገምተኝነቱ ነው፤ ምንም ሳይንቀጠቀጥ ሕመሙ ያለበት ሰው አለና። ምልክቱም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአንድ ወገን ነው። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ፥ አንዳንዴም ብዙ ዓመት ቀድሞ፥ ሽታ የመለየት ችሎታ ሊጠፋ፥ ሆድ ሊደርቅ፥ በሕልም የታየውን በእንቅልፍ ልብ በእጅና በእግር መሥራት ሊመጣ ይችላል።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። በጌዴኦ ቀበሌዎች እንሰት የምትፍቅን ሴት ያየ ሰው የሚያደንቀው ነገር አለ። እግሯን አንሥታ ግንዱን በሰሌዳው ላይ ትደግፋለች፤ እጇ በመፋቂያው ይወርዳል ይወጣል፤ እርሷ ግን ከጎረቤቷ ጋር ትጨዋወታለች። አንዲቱንም ፍቂያ አስባ አትጀምራትም። ቡና የምታፈላም እመቤት ጀበናውን ከፍ አድርጋ ስትቀዳ አንድ ጠብታ ሳይፈስ ስኒዎቹ ይሞላሉ፤ ዓይኗ ግን ከእንግዳው ጋር ነው። ብዙ ጊዜ የተለማመድነውን ሥራ እንዲህ ያለ አሳብ እንድንሠራ የሚያደርገን፥ ከአንጎል በታችኛው ጥልቅ ክፍል የሚገኝ የነርቭ ሕዋሳት ስብስብ ነው፤ ስሙም ቤዛል ጋንግሊያ ይባላል። ይህ ስብስብ ጡንቻን በቀጥታ አያዝም፤ የሚያዘው የአንጎል ቅርፊት ነው። የቤዛል ጋንግሊያ ሥራ ከብዙ እንቅስቃሴዎች መካከል የትኛው ይለፍ፥ የትኛው ይቆይ ብሎ መለየትና የሚያልፈውንም በልክ ማስኬድ ነው።

ይህን በምሳሌ እናስረዳ። በቀድሞው ዘመን በቤተ መንግሥትና በመኳንንቱ ግቢ እልፍኝ አስከልካይ የሚባል ሹም ነበረ። ሥራው ከስሙ ይታወቃል፤ ባለ ጉዳዩ ሁሉ ዘው ብሎ እንዳይገባ በር ላይ ቆሞ ይከለክላል፤ የተፈቀደለትን ብቻ ያስገባል። በአንጎልም ውስጥ እንዲህ ያለ አስከልካይ አለ። ግሎበስ ፓሊደስ የሚባለው አካል ውስጠኛው ክፍል ከአንድ ጓደኛው ጋር ሆኖ፥ ሰው ጸጥ ብሎ በተቀመጠበት ጊዜ እንኳ ሳያቋርጥ «ቆይ፥ ቆይ» የሚል መልእክት ወደ ታላመስ ይልካል። ታላመስ ደግሞ ወደ አንጎል ቅርፊት የሚያስገባው ደጅ ነው። ስለዚህ ደጁ በተፈጥሮው ገርበብ ያለ ነው፤ እንቅስቃሴም የሚያልፈው አስከልካዩ ለጊዜው ዝም ሲል ነው።

ለአስከልካዩ ቃል የሚደርስበት መንገድ ሁለት ነው። ሁለቱም የሚነሡት ስትራያተም ከሚባለው ክፍል ነው፤ ይህም ከአንጎል ቅርፊት የሚመጣውን አሳብ ሁሉ የሚቀበል አዳራሽ ነው። አንደኛው መንገድ ቀጥተኛ ነው፤ ከአዳራሹ ተነሥቶ አስከልካዩን ዝም ያሰኘዋል፤ የተፈለገውም እንቅስቃሴ ያልፋል። ሁለተኛው መንገድ ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ ሰብታላሚክ ኑክሊየስ በሚባል የምስር ፍሬ ቅርጽ ባለው ትንሽ ስብስብ በኩል ዞሮ አስከልካዩን ያበረታዋል፤ ያልተፈለጉትም እንቅስቃሴዎች በውጭ ይቀራሉ። ጤነኛ ሰው ስኒ ሊያነሣ እጁን ሲዘረጋ፥ ሁለቱ መንገዶች ተባብረው አንዱን ያስገባሉ፥ ሌላውን ያቆያሉ።

በእነዚህ በሁለቱ መንገዶች መካከል ሚዛን ጠባቂ ሆኖ የተሾመው ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ዶፓሚን ቀጥተኛውን መንገድ «በርታ» ይለዋል፤ ዙሪያ ጥምጥሙን ግን «ረጋ በል» ይለዋል። ይህን ንጥረ ነገር የሚሠሩት ሕዋሳት ያሉት በመካከለኛው አንጎል፥ ሰብስታንሺያ ናይግራ በተባለ ሥፍራ ነው፤ ትርጓሜውም በላቲን ቋንቋ ጥቁር ነገር ማለት ነው፤ ሕዋሳቱ ጥቁር ቀለም አላቸውና። ሩስያዊው ሐኪም ኮንስታንቲን ትሬትያኮፍ በ1919 እንዳስረዳው፥ ሕመሙ የነበረበት ሰው ከሞተ በኋላ አንጎሉ ሲመረመር ይህ ጥቁረት ገርጥቶ ይገኛል፤ ሕዋሳቱ አልቀዋልና። ከቀሩትም ሕዋሳት ውስጥ ፍሬድሪክ ሌዊ በ1912 የገለጸው ክብ ክምር ይታያል፤ ይህም አልፋ ሲኑክሊን የሚባል ፕሮቲን ተጠቅልሎ የተከመረበት መሆኑ በ1997 ታወቀ።

እንግዲህ የሕመሙ ምሥጢር ይህ ነው። ዶፓሚን ሲጎድል ቀጥተኛው መንገድ ይደክማል፥ ዙሪያ ጥምጥሙ ደግሞ ልጓም ያጣል። ሁለቱም ስሕተት ወደ አንድ ፍጻሜ ያደርሳሉ፤ አስከልካዩ ከመጠን በላይ ይበረታል፥ ደጁም በግድ ይከፈታል። የወዳጃችን ልብ «ጻፍ» ብሎ ያዛል፤ ትእዛዙ ግን በደጁ ላይ ይጉላላል፤ ሲያልፍም ተቀናንሶ ያልፋል። ፊደሉ የሚያንሰው፥ እርምጃው የሚያጥረው፥ ድምፁ ዝቅ የሚለው፥ ፊቱም የማይፈታው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ኩራት ያልነው ይህን ነበር። ደግሞም ምልክቱ ጎልቶ ሲታይ ብዙ ጊዜ ከእነዚያ ሕዋሳት ግማሽ ያህሉ አስቀድሞ ጠፍቷል፤ አንጎል ጉድለቱን እየሸፈነ ብዙ ዓመት ይቆያልና። ስለዚህ ሕመሙ የጀመረው እኛ ባየነው ቀን አይደለም።

ነገር ግን ምሳሌያችን ሁሉን አይገልጽም። ሊቃውንቱ በኋላ እንዳገኙት፥ በዚህ ሕመም ጊዜ የእነዚህ ክፍሎች ሕዋሳት በሰከንድ ከ13 እስከ 30 ጊዜ በሚደርስ አንድ ዓይነት ምት ተያይዘው ይመታሉ። በጤና ጊዜ ይህ ምት እንቅስቃሴ ሲጀመር ይቀንሳል፤ በሕመሙ ጊዜ ግን አልለቅ ይላል። መሪው ሌላ ዜማ ሊያነሣ ሲፈልግ መዘምራኑ ሁሉ በአንድ ቃል ላይ ቀርተው እንደሚደጋግሙት ማለት ነው። መንቀጥቀጡም ቢሆን በአስከልካዩ ብርታት ብቻ የሚፈታ አይደለም፤ በኋለኛው ራስ ያለው ትንሹ አንጎልና ታላመስ የሚገናኙበት ሌላ መንገድም ይገባበታል። አንዳንዱ ሕመምተኛ በመድኃኒት እርምጃው ሲፈታ መንቀጥቀጡ እንዲያው የሚቀርበት ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ደግሞ በዓይናችን ያየነውን እንንገራችሁ። አንድ የበዓል ቀን ከወዳጃችን ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከደጀ ሰላሙ በር ሲደርሱ ድንገት ቆሙ። እግራቸው ከመሬት እንደ ተሰፋ ሆነ፤ ከኋላ የሚመጣው ሕዝብ ይገፋል፤ አንድ ጎልማሳም «አባት፥ ይለፉ እንጂ!» ብሎ ጮኸ። በዚያን ጊዜ ከውስጥ ከበሮ መመታት ጀመረ። ወዳጃችን መቋሚያቸውን በምቱ ልክ ከመሬት ጣል አደረጉና በዚያው ምት እግራቸውን አንሥተው ገቡ። ነገሩ ተአምር መስሎን ነበር። ሊቃውንቱ ግን ምክንያቱን ይነግሩናል፤ ከውስጥ የሚነሣ ልማዳዊ እንቅስቃሴ በታመመው መንገድ ያልፋል፤ ከውጭ በሚሰማ ምት ወይም በሚታይ መስመር የሚመራ እንቅስቃሴ ግን በአንጎል ቅርፊትና በትንሹ አንጎል በኩል በሌላ መንገድ ሊያልፍ ይችላል። ዛሬ የአካል እንቅስቃሴ ሐኪሞች በመሬት ላይ መስመር አስምረው ወይም ምት እያሰሙ ሕመምተኛን የሚያራምዱት ስለዚህ ነው።

ስለ መድኃኒቱም ጥቂት እንበል። ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን በ1957 ሬዘርፒን በሚባል መድኃኒት እንቅስቃሴ ያጡ ጥንቸሎችን ሌቮዶፓ ሰጥቶ አስነሣቸው፤ ስለዚህና ስለ ሌላው ሥራው በ2000 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በ1960 በቪየና ኦሌህ ሆርኒኪየቪችና ባልደረባው በዚህ ሕመም በሞቱ ሰዎች አንጎል ውስጥ ዶፓሚን እጅግ መጉደሉን አሳዩ። በ1967 በአሜሪካ ጆርጅ ኮትዚያስ ሌቮዶፓን በአፍ በብዛት እየሰጠ ተኝተው የነበሩትን አራመደ። ዶፓሚን ራሱ ከደም ወደ አንጎል ስለማይሻገር፥ ሊሻገር የሚችለው ሌቮዶፓ ይሰጣል፤ በአንጎልም ውስጥ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። ካርቢዶፓ የሚባለው ጓደኛው በመንገድ እንዳይባክን ይጠብቀዋል። መድኃኒቱ ሕመሙን ከሥሩ አይነቅልም፤ የጠፉትንም ሕዋሳት አይመልስም። ሆኖም ብዙ ሕመምተኞችን ለብዙ ዓመታት ከሥራቸውና ከቤተ ሰባቸው ጋር አቆይቷል። ዓመታት ሲያልፉ የመድኃኒቱ ጊዜ ማጠር፥ ያልታዘዘ መወራጨትም ሊከተል ስለሚችል ልኩን የሚለውጥ ሐኪም ብቻ ነው።

በ1990 ደግሞ አሜሪካዊው ማህሎን ዲሎንግና ባልደረቦቹ፥ ይህን ሕመም በሚመስል ደዌ በተያዙ ዝንጀሮዎች ውስጥ ያን የምስር ፍሬ የሚመስለውን ስብስብ ዝም ባሰኙት ጊዜ እንቅስቃሴያቸው ተመለሰ። አስከልካዩን ከልክ በላይ የሚያበረታው ማን እንደ ሆነ በዚህ ተረጋገጠ። የግረኖብሉ ፈረንሳዊ አሊም ሉዊ ቤናቢድ አስቀድሞ በ1987 መንቀጥቀጥን ለማስቆም በአንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አኑሮ በኤሌክትሪክ የማረጋጋትን ጥበብ ጀምሮ ነበርና፥ በኋላ ይህንኑ ስብስብ በዚያ ጥበብ አከመው።

በአገራችንስ? የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ፥ በመስቃንና ማረቆ ገጠር ከቤት ወደ ቤት እየተዘዋወሩ 60,820 ሰዎችን መርምረው ውጤቱን በ1990 አሳትመዋል። በዚያ ጥናት ፓርኪንሰን የተገኘባቸው ከ100,000 ሰው 7 ያህል ነበሩ። ይህ ቁጥር ከአውሮፓ አንጻር ትንሽ ነው፤ ሕመሙ በዕድሜ የሚመጣ ነውና፥ ወጣት በሚበዛበት ገጠር ቁጥሩ ማነሱ አያስደንቅም። ዕድሜ ሲረዝም ግን ሕመምተኛውም ይበዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በዓለም ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሕሙማን እንዳሉ ገምቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሞችን በልዩ ሙያ ማሠልጠን የተጀመረው በ2006 ነው። ደግሞም ራሳቸው ሕመሙ ያለባቸው ወይዘሮ ክብራ ከበደ በአዲስ አበባ የፓርኪንሰን ሕሙማን መርጃ ድርጅት መሥርተዋል። አንድ ሕመምተኛ ተነሥቶ «ይህ ሕመም ስም አለው» ብሎ በአደባባይ መናገሩ፥ በየጓዳው በሐሜት ለሚሠቃየው ሌላ ሕመምተኛ ትልቅ ነገር ነው።

የጌዴኦ ሰዎች ደግሞ ስለ ቡና ሳንናገር ብናልፍ ይቀየሙናል። በሃዋይ በሆኖሉሉ የሚኖሩ 8,004 የጃፓን ተወላጅ ወንዶች ለብዙ ዓመታት ተከታትለው፥ ቡና የማይጠጡት ከሚጠጡት ይልቅ ይህ ሕመም በብዛት እንደ ታየባቸው በ2000 ተጽፏል። ለዚህም በአንጎል ውስጥ የሚታይ መንገድ አለ፤ በዙሪያ ጥምጥሙ መንገድ ላይ ያሉት ሕዋሳት አደኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ሲደርሳቸው ይበረታሉ፤ በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ደግሞ አደኖሲንን ይከለክላል። ከዚህም አሳብ ተነሥቶ ኢስትራዴፊሊን የሚባል መድኃኒት በጃፓን በ2013፥ በአሜሪካም በ2019 ተፈቅዷል። ይሁን እንጂ ለሕመምተኞች ካፌይን ተሰጥቶ የተደረገው ምርመራ በ2017 ሲታተም በእንቅስቃሴያቸው ላይ ጥቅም አላሳየም። ስለዚህ የይርጋ ጨፌን ቡና ለጣዕሙና ለጉርብትናው እንጠጣው፤ መድኃኒት ነው ብለን ግን ሰው አናታልል። ባቄላም እንዲሁ ነው። ጉገንሃይም የሚባል ሊቅ በ1913 ሌቮዶፓን ከባቄላ ውስጥ አውጥቷል፤ በእሸቱ ውስጥ በብዛት ይገኛል። ልኩ ግን ከማሳ ማሳ፥ ከማሰሮ ማሰሮ ስለሚለያይ፥ እሸት ወይም ስልጆ የሐኪምን መድኃኒት አይተካም።

በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዘንድ ከሁሉ የሚከብደው የጾምና የጸበል ነገር ነው። ወዳጃችን አንድ የፍልሰታ ጾም መድኃኒታቸውን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ላለመቅመስ ብለው አስቀሩት። በሦስተኛው ቀን ከአልጋቸው መነሣት አቅቷቸው ባለቤታቸው ጠሩን። ሰውነታቸው እንደ እንጨት ተገትሮ፥ ላብም አጥምቋቸው አገኘናቸው። ወደ ሐኪም ቤት አደረስናቸው፤ ሐኪሙም ይህን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ሕይወትን እስከ ማሳጣት ሊያደርስ እንደሚችል ነገረን። በኋላ የንስሐ አባታቸውን ይዘን ሄድን። ካህኑም «ልጄ፥ እግዚአብሔር የሚፈልገው ልብዎን ነው፤ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይዋጡ፤ ጾሙን በሚችሉት እንወስናለን» አሏቸው። ወዳጃችን በዚያ ቀን አለቀሱ፤ ያስለቀሳቸው ግን ሐዘን አልነበረም። ስለ ጸበልም ቢሆን፥ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ2007 ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲናገሩ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መምከራቸው ይታወሳል። ወደ ጸበል የሚሄድ ሕመምተኛ መድኃኒቱን በከረጢቱ ይያዝ።

እንግዲህ ቤተ ሰብ ሁሉ ልብ ሊላቸው የሚገቡትን ነገሮች በአጭሩ እናስታውስ። መንቀጥቀጥ ሁሉ ፓርኪንሰን አይደለም፤ እጅ በጭን ላይ ሲያርፍ የሚንቀጠቀጠውና ስኒ ሲያነሡ የሚንቀጠቀጠው ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው፤ የሚለያቸውም ሐኪም ነው። ለአእምሮ ሕመም ወይም ለማስታወክ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች፥ ለምሳሌ ሃሎፔሪዶልና ሜቶክሎፕራሚድ፥ ዶፓሚንን ስለሚከለክሉ ይህን የሚመስል ሕመም ሊያመጡ፥ ያለውንም ሊያብሱ ይችላሉ፤ ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይናገሩ። ሌቮዶፓ ከሥጋ፥ ከወተትና ከጥራጥሬ ፕሮቲን ጋር ስለሚሻማ፥ ከምግብ በፊት በሐኪሙ በታዘዘው ሰዓት መወሰድ አለበት። ሕመምተኛውን አታጣድፉት፤ ማጣደፍ እግሩን ይበልጥ ያስረዋልና። በበር ላይ ሲቆም አትጎትቱት፤ «አንድ፥ ሁለት» ብላችሁ ቁጠሩለት። ፊቱ ስላልተፈታ ልቡ የተዘጋ አይምሰላችሁ። ኀዘንና ተስፋ መቁረጥ ከሕመሙ ጋር አብረው ስለሚመጡ ይህንንም ለሐኪም ንገሩ። ሕመሙ ተላላፊ አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፥ ደብቆ ማስቀመጥ ግን ይጎዳል።

የእድራችንን ነገር ሳንጨርስ አንተወው። ባለፈው ዓመት በስብሰባው ላይ ዳግመኛ ተነሥተን፥ በመጀመሪያው ጊዜ የተናገርነው ስሕተት እንደ ነበረ በጉባኤው ፊት ተናገርን። አባላቱም የሂሳቡ መዝገብ በሌላ ሰው እጅ እንዲቆይ፥ የሙታን ስም የሚጻፍበት መዝገብ ግን ወደ ወዳጃችን እንዲመለስ ወሰኑ። እኛም የጥንቱ ጸሐፊዎች ብራናውን በወስፌ እንደሚያሰምሩት፥ በየገጹ ሰፋፊ መስመር በደማቅ ቀለም አሰመርንላቸው፤ ዓይን የሚከተለው መስመር ሲኖር እጅ ከማነስ እንደሚጠበቅ አንብበን ነበርና። ባለፈው ወር ያረፈችውን አንዲት እናት ስም ሲጽፉ አጠገባቸው ተቀመጥን። ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው፤ እኛም አላጣደፍናቸውም። ጽፈው ሲጨርሱ የመጨረሻው ፊደል ከመጀመሪያው አላነሰም ነበር።

በቤታችሁም፥ በጎረቤታችሁም እንዲህ ያለ ሰው ቢኖር፥ እኛ ካደረግነው ቀድማችሁ እዩት።